ያልነጣው አስኳል

እናቴ እንቁላል ሳትሰብር ቀኗን ጀምራ አታውቅም። ለመብላት እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ከዶሮ ቤት ከተለቀመው መሀል እጇ የደረሰበትን ታነሳና ነጭ ሳህን ላይ ታፈርጠዋለች፤ ከዚያ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰክታ አስኳሉን ትመረምራለች። ቀለሙ ከተስማማት "ይሁን" ትላለች። ካልተስማማት ግን ያን ቀን እቤት ያለን ሁሉ ወንጀለኞች ነን፤ ይግባኝ የለም።

አባታችን ሲሞት የቀሩላት ሁለት ልጆች፣ የሚያፈስ ጣሪያና አንድ የልብስ ስፌት መኪና ነበሩ። የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ኖራ፣ ዓይኗ የመርፌ ቀዳዳ አላይም ሲላት መኪናውን ሸጣ ቄብ ዶሮዎች ገዛች። ሰው ሁሉ "ምነው? ዶሮ እኮ ሟች ናት!" አላት። "ሰውስ ሟች አይደል? ዶሮ ቢያንስ እስክትሞት ትጥላለች" አለቻቸው። እናቴ እንዲህ ናት። ምላሴን የወረስኩት ከእሷ ነው፤ ለዚህም ነው እኔና እሷ ሳንጨቃጨቅ የዋልንበት ቀን የሌለው። ታላቅ ወንድሜ ለማን እንደወጣ እንጃ እንጂ ለስላሳ ነበር። መሀላችን ገብቶ "ኧረ ጎረቤት ይሰማል!" ማለት የዘወትር ሥራው ነበር።

ቀለሙን ያመጣው እሱ ነው። ዶሮዎቻችን የሚበሉት ነጭ በቆሎና ፉርሽካ ስለነበር አስኳላቸው ገርጥቶ ይወጣ ነበር። ባለ ኬክ ቤቱ "ይሄ እንቁላል ነው ወይስ የእንቁላል ጥላ?" እያለ ይመልስብናል። አንድ ቀን ወንድሜ ከተማ ካለ የምርምር ላቦራቶሪ ትንሽ ጠርሙስ ይዞ መጣ፤ ውስጧ ቀላ ያለ ዝቃጭ አለ። "እርሾ ናት" አለን። "ሊጥ አታቦካም፤ አስኳል ታቀላለች።" እኔ ሳቄን ለቀቅኩት። እናቴ ግን ጠርሙሷን ወደ መስኮቱ አንስታ አገላብጣ አየቻትና "ዶሮዎቼን ከገደለችብኝ አንተንም እሷንም አንድ ላይ ነው የማባርራችሁ" አለችው።

ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ያዘ። በላስቲክ በርሜል የስኳር አተላ የሆነውን ሞላሰስ በውሃ ያቀጥንና ከጠርሙሷ ይጨምርበታል፤ ለዓሣ ገንዳ የሚሆን ትንሽ የአየር መንፊያ ይከትበታል። ሙቀት አትወድም ብሎ መስኮቱን በእርጥብ ጆንያ ይሸፍንላታል። ውሃው መጀመሪያ ሮዝ ይሆናል፣ እያደር የሸክላ ቀለም ይይዛል። ሲዘቅጥ ያጠልለዋል፣ ይቀቅለዋል። "ቅርፊቷ ካልተሰበረ ዶሮዋ ሳትጠቀምባት ታወጣታለች" ይል ነበር። ከዚያ ፀሐይ ካየው ቀለሙ ስለሚሸሽ ጨለማ ውስጥ አድርቆ ይፈጨዋል። ዶሮ ቤት ሲገባ ሰማያዊ የሥራ ካፖርቱንና የላስቲክ ቦቲውን ያደርግና ዱቄቱን ከመኖው ጋር በእጁ እያሸ ይቀላቅላል። እኔ ስገባ ገበያ የሚያቆሙት ዶሮዎች ለእሱ ጸጥ ይላሉ። ታዲያ ዛሬ የበሉት ቀለም እንቁላሉ ላይ የሚታየው ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። ሲቋረጥባቸውም እንደዚያው ቀስ እያለ ነው የሚነጣው። ይቺን ያዙልኝ።

ባለፈው ዓመት እናቴ ልቧን ታመመችና ቀዶ ጥገና ተደረገላት። እሷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ እርሾዋ ሻጋታ ገባባትና ተበላሸች። ወንድሜ አዲስ ጠርሙስ ሊያመጣ በሞተር ብስክሌቱ ወደ ላቦራቶሪው ከመሄዱ በፊት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"የተፈጨው ዱቄት በባልዲ አለ፤ ለዶሮዎቹ አታስቢ። አስኳሉ ሳይነጣ እመጣለሁ" አላት።

"ከነጣ ፍርዱ ከባድ ነው" አለችው። ሁለቱም ሳቁ፤ እሷ ስፌቱ እንዳያማት ደረቷን በእጇ ይዛ ነበር።

ሲመለስ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ሞተሩ ገደል ገባ። ያገኙት በማግስቱ ነው። ጠርሙሷ ግን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ጭረት እንኳ ሳይነካት ተገኘች። እኔ ያቺን ጠርሙስ ማየት አስጠላኝ፤ ከእኛው ጋር የምትኖረው ሚስቱ ናት ተቀብላ ያስቀመጠቻት።

ቀበርነው። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ እኛ ልጇን ቀበርነው። ሐኪሙ "ድንጋጤ እንዳይደርስባት፣ ቢያንስ እስክታገግም" ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። የወንድሜ ሚስት ብዙ አትናገርም፤ እኔ "ዝም አይነቅዝም" ነው የምላት። ያን ቀን ግን ተናገረች።

"እኔ አልዋሻትም። እናት ናት፤ ልጇን ታልቅሰው። አስኳሉ ሲነጣ ትጠይቃለች፣ ስትጠይቅ እነግራታለሁ።"

"እናቴን ልትገድያት ነው?" አልኳት። ያን ቀን ምን ያላልኳት ነገር አለ! ባሏን የቀበረች ሴት መሆኗን እንኳ ረሳሁት። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም።

ለእናቴ "ሩቅ ቦታ ያለ ትልቅ እርሻ እርሾ አልምድልን ብሎ ይዞታል፤ ስልክ አይሠራም" አልናት። ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ስትገባም ሰፈሩ ሁሉ ተባበረን። ፊት ለፊታችን ያለችው ባለሱቅ በየቀኑ ብቅ እያለች ፊቷን አብርታ "ልጅሽ አልመጣም እንዴ?" ትላታለች። አንድ ቀን እንባዋ ቀደማትና "ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርት" አለች። እጇ ላይ የነበረው ሳሙና ነው። እናቴ ሳሙናውን አየት አደረገችው።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር፤ አስኳሉ ቀይ እስከሆነ ድረስ እናቴ አትጠይቅም፣ ካልጠየቀች አታውቅም፣ ካላወቀች ትኖራለች። የወንድሜ ሚስት ዱቄቱን መኖው ላይ እንደማትጨምር ስላወቅኩ፣ እሷ ሳታየኝ ከባልዲው ዘግኜ በወተት ቆርቆሮ ሞላሁና አልጋዬ ስር ደበቅኩት። በየጠዋቱ ጨለፍ እያደረግኩ መኖው ላይ እበትናለሁ። እናቴ ደረጃ እንዳትወርድ ስለተከለከለች በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሳህኗን ይዛ ትጠብቀኛለች። እንቁላሉን ትሰብራለች፣ ታያለች፣ ከዚያ "ገና ነው" ትላለች። "ይሁን" ማለት ተወች። በየጠዋቱ "ገና ነው" ብቻ። እኔም እፎይ ብዬ ቀኔን እጀምራለሁ።

እየዋለ ሲያድር ግን አስኳሉ መቅላቱን አበዛው። መጀመሪያ ያስተዋለው ባለ ኬክ ቤቱ ነው። "እናንተ ሰዎች፣ ዶሮዎቻችሁ ምንድን ነው የሚጠጡት? ሙሽሪት ቢጫ ኬክ አዛ ሮዝ ወጣብኝ!" አለኝ። ሳቅኩና ሸኘሁት። ቤት ገብቼ አንድ ሰበርኩ። ሳቄ ጠፋ። አስኳሉ የተቆረጠ ጣት ነገር ነው የመሰለኝ። እኔ የምጨምረው ያችኑ ነው፤ እንደውም እንዳይታወቅብኝ ቀንሼ ነበር። ከዚያ ይብስ ቀነስኩ። ይብስ ቀላ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኛ ውሸት ግን እያደር ይከብደኝ ጀመር።

አንድ ከሰዓት ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ሳልፍ ያ ሽታ መታኝ። የሞላሰስና የኮምጣጣ ነገር ሽታ፣ የወንድሜ የሸሚዝ ሽታ። ቆምኩ። ከክፍሏ ውስጥ ውሃ ሲንፎለፎል ይሰማል። "አፈር ልሁንልህ፣ አንተ ነህ?" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። በሩ ተከፈተ። የወንድሜ ሚስት ናት፤ እጆቿ እስከ ክርኗ ቀልተዋል።

"አንቺ! አልዋሽም አላልሽም?" ብዬ ጮህኩ።

"እነግራታለሁ ብዬ ነበር" አለች። "አስኳሉ ገርጥቶ እንደሆነ ልይ ብዬ አንድ ቀን ሳህኗን አየሁት፤ አቃተኝ። እሱ ይዟት የመጣት እርሾም በኔ እጅ ትሙት?" ከኪሱ የተገኘችውን ጠርሙስ አልምዳ፣ እያደረቀች፣ ከሰዓት ከሰዓት መኖው ላይ ትጨምር ኖራለች። እኔም የወተት ቆርቆሮዬን ነገርኳት። ተያየን። ለካ ሁለታችን ተደብቀን ነው ዶሮዎቹን ያቀላናቸው! እዚያው በርሜል ስር ተቀምጠን ሳቅን፣ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብን፤ እናቴ እንዳትሰማ አንዳችን የሌላችንን አፍ ያዝን።

ሐኪሙም በዚያው ሰሞን "ልቧ በጥሩ ሁኔታ ድኗል" ብሎን ነበር። ተስማማን፤ ሁለታችንም እናቁም፣ አስኳሉ ይንጣ፣ ስትጠይቅ እጇን ግራና ቀኝ ይዘን እንንገራት። የወንድሜ ሚስት በርሜሎቹን በፈላ ውሃ አጥባ ክፍሉን ቆለፈችው። እኔ ቆርቆሮዬን ሽንት ቤት ደፋሁት። በግሌ ቀለል አለኝ።

አልነጣም።

ሳምንት አለፈ፣ ሌላም አለፈ። እናቴ ትሰብራለች፣ ታያለች፣ "ገና ነው" ትላለች። የወንድሜ ሚስትና እኔ ከጀርባዋ ቆመን እንተያያለን። "ማይልኝ" አልኳት፤ ማለችልኝ። እሷም አስማለችኝ። መኖ ቤት ገብቼ ቆርቆሮዬን ከሞላሁበት ቀን ወዲህ ያልነካሁትን ባልዲ ከፈትኩት፤ ወገቡ ድረስ ጎድሏል። ዱቄቱ ላይ የአራት ጣት ዱካ አለ፤ ወንድሜ በማንኪያ ዘግኖ አያውቅም፣ በእጁ ነበር የሚዘግነው። ክዳኑን እንዴት እንደመለስኩት አላውቅም።

በማግስቱ ከዶሮ ቤቱ በር ጀርባ የሚቆመውን የወንድሜን ቦቲ አየሁት። እርጥብ ነው። ሶሉ ላይ አዲስ የዶሮ ኩስ አለበት። ካፖርቱ ተሰቅሏል፤ ኪሱ ውስጥ እጄን ብከት ቀይ ዱቄት ይዞ ወጣ።

ለወንድሜ ሚስት ባልነግራት ይሻል ነበር። ነገርኳት። አልደነገጠችም፤ ይህ ነው የባሰ ያስፈራኝ። "እኔማ ካወቅኩ ቆየሁ" አለች። "ቀትር ላይ ከወፍጮ ቤት ስመለስ ዶሮዎቹ ጸጥ ብለው አገኛቸዋለሁ። ለማን ነው ጸጥ የሚሉት? አንቺው ንገሪኛ!" ከዚያ ቀን ጀምሮ የጓሮውን በር ሳትዘጋ መውጣት ያዘች። ከምሳችን ለአንድ ሰው የሚሆን ታስቀራለች። እኔ ደግሞ ሙታን ይነሳሉ ብዬ የማምን ሰው አልነበርኩም፤ ግን ጓሮ ልብስ ላሰጣ ስወጣ ጀርባዬን ለዶሮ ቤቱ መስጠት አቃተኝ። በጎኔ ነው የምሄደው። በፀሐይ! በቀን!

እንዲህስ አይኖርም አልኩ። አንድ ቀን እንደ ልማዴ እንቁላል ላደርስ ወጣሁ፤ የወንድሜ ሚስትም ፉርሽካ ልትገዛ ወጣች፤ እናቴ ቀትር ላይ ትተኛለች። እኔ ግን ከመንገዱ ማዶ እንቁላሉን ባለሱቋ ጋ አስቀመጥኩና በጓሮ ተመለስኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ዶሮዎቹ እንደ ሁልጊዜው ይንጫጫሉ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። አንዷም እንኳ ክሩክ አላለችም።

በጣውላዎቹ ክፍተት አጮልቄ አየሁ። ሰማያዊው ካፖርት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ጎንበስ ብሏል። ኮፍያው ተደፍቷል። ዶሮዎቹ ከበውታል፤ አንዷ ቦቲው ላይ ቆማለች። ቀይ እጅ መኖውን ቀስ እያለ ያሻል፤ ያሻል፤ ልክ እንደሱ። "ወንድሜ" ልል አፌን ከፈትኩ። ያኔ ነው የካፖርቱ ጫፍ መሬት ሲጎተት ያየሁት። ወንድሜ ረጅም ሰው ነበር።

በሩን ከፈትኩት።

"ዝጊው፤ ፀሐይ ገባበት" አለች እናቴ፣ ዘወር እንኳ ሳትል።

"እማ! ምን እየሠራሽ ነው? ደረጃ አትውረጂ አልተባልሽም? ሰው ልትጨርሺ ነው? አንቺ ሴትዮ ጆሮ የለሽም?"

"እሰይ!" አለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ቀይ ዱቄት አለ። "ዛሬ ገና ተቆጣሽኝ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ አንድ ቀን ተቆጥተሽኝ ታውቂያለሽ? 'ምን ላምጣልሽ እናቴ፣ ትራስ ላስተካክልልሽ እናቴ'... አንቺ ነገረኛ፣ አንቺ እንዲህ ስትለሳለሺ ያየሁ ዕለት ነው ልጄ መሞቱን ያወቅኩት። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። እኔን ማን አታሎኝ ያውቃል?"

ግድግዳውን ይዤ ቁጭ አልኩ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ይሄስ ምንድን ነው? አንቺ ነሽ እንዴ ስትጨምሪ የከረምሽው?"

"አስኳሉ ሳይነጣ እመጣለሁ ብሎኝ ነበራ" አለች። እጇ መኖው ውስጥ ነው፤ አላወጣችውም። "እስካልነጣ ድረስ አልዘገየም ማለት ነው።"

"እማ፣ እንደማይመጣ እያወቅሽ?"

"እያወቅኩ። አጥቼው ነው? በየጠዋቱ ሳህኑ ላይ አየዋለሁ፣ ቀይ ነው፣ ገና ነው እላለሁ፤ ያን ቀን እውልበታለሁ። ልጄ በሕይወቱ ቃሉን አጥፎብኝ አያውቅም። ሞቶም ቃል አባይ አላሰኘውም።"

ያንን ሁሉ ጊዜ እኔ ለእሷ ልብ ስሰጋ፣ ደረጃውን በቂጧ እየተንሸራተተች ትወርድ እንደነበር ያን ቀን ነገረችኝ። ምላሴ የጠፋችብኝ ያን ቀን ብቻ ነው። በዚህ መሀል የወንድሜ ሚስት ጆንያዋን ተሸክማ በጓሮ ገባች። ካፖርቱን ስታይ ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ እናቴ መሆኗን አየች። ጆንያው ከትከሻዋ ወርዶ ፉርሽካው ፈሰሰ።

"ነይ ልጄ" አለቻት እናቴ። "ኑ ሁለታችሁም። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይቺን እንዳልጠይቅ ነው ስሸሽ የከረምኩት። እንዳትዋሹኝ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ሲሞት ብቻውን ነበር?"

የወንድሜ ሚስት እኔን አየችኝ። ማለት ይቻል ነበር፤ ሰዎች ደርሰው ነበር፣ ውሃ አጠጥተውት ነበር፣ ስምሽን ጠርቶ ነበር። ውሸት የለመደ አፍ ነው ያለኝ፣ ከከንፈሬ ደርሶ ነበር።

"አዎ እማ" አልኳት። "ብቻውን ነበር። ሌሊቱን ሙሉ።"

እናቴ እጇን ከመኖው አወጣች። ተቀመጠች፤ እዚያው ኩሱ ላይ፣ ከነካፖርቱ። መጀመሪያ ምንም ድምፅ አልነበራትም፤ ከዚያ ከሆዷ የወጣው ጩኸት ዶሮዎቹን እስከ ጣሪያው በተናቸው። የወንድሜ ሚስትም፣ ትራስ ነክሳ ስታለቅስ የከረመችው ሴት፣ እዚያው አጠገቧ ወድቃ ጮኸች። እኔ የቱን እንደምይዝ ጠፍቶኝ ሁለቱንም ያዝኩ። ለእናቴ ልብ ፈርቼ ነበር፤ ልቧ ግን እጄ ስር ይመታ ነበር፣ በደንብ ይመታ ነበር።

ባለሱቋ ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ መጣች። ከዶሮ ቤቱ በር ላይ ቆመችና እንደ ልማዷ ፊቷን ልታበራ ሞከረች፤ "ምነው? ምን ሆናችሁ?" አለች።

"ልጄ ሞቷል" አለቻት እናቴ። በዚያ ቤት ያን ቃል ያወጣ ሰው እስከዚያን ቀን አልነበረም። "አንቺም እንደማታውቂ አትሁኚ። ግቢና አብረሽኝ አልቅሺ።"

ባለሱቋ ነጠላ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀችና ገባች።